«ፈሰሰ» ጆሮ ሲወጋ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን የድምፅ ቀረጻ ጥያቄዎች

ለዚህ እትም ከመጡልን ደብዳቤዎች ውስጥ አምስቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ድምፃዊው ወይም ተናጋሪው «ሰ» ባለ ቁጥር ጆሮ ላይ የሚሰካው ፉጨት እንዴት ይለዝባል? ገጹን በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በትንሽ ክፍል ውስጥ መንዙማ እቀዳለሁ። ሶለዋቱ ሲደጋገም «ሰ» ጆሮ ይወጋል። በኢኩዋላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ በሚያጎላና በሚቀንስ መሣሪያ) 7 ኪሎኸርዝ ላይ ስቀንሰው ፉጨቱ ይበርዳል፤ ድምፁ ግን ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ኮምፕሬሰር (ጎልቶ የሚወጣውን ድምፅ የሚጫን መሣሪያ) ስጨምርበት ጭራሽ ባሰ። የምሠራው ሪፐር በሚባለው የኮምፒውተር መቅጃ ፕሮግራም ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ኮምፕሬሰሩ ለምን እንዳባሰው ካወቁ መፍትሔው ራሱ ይገለጥልዎታል። የሰው ድምፅ ጉልበቱ አናባቢው ላይ ነው። «ላ» ወይም «ዋ» ሲባል አብዛኛው ኃይል ከ1 ኪሎኸርዝ በታች ተከማችቶ ሜትሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። «ሰ» በሜትር ስትታይ ትንሽ ናት፤ የምትወጋው ጆሮ በሚነቃበት ቀጭን (ከፍተኛ ኸርዝ) ድምፅ ላይ ስለተሰበሰበች ነው። ኮምፕሬሰር ደግሞ የሚታየው መጠን እንጂ የጆሮ ሕመም አይደለም። አናባቢውን 6 ዴሲቤል ይጫነዋል፣ «ሰ»ን ያልፋታል። ከዚያ እርስዎ የጠፋውን ድምፅ ለመመለስ በሜክአፕ (ከተጫነ በኋላ በሚጨመረው ማጉላት) 6 ዴሲቤል ሲጨምሩ አናባቢው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ «ሰ» ግን ከነበረችበት 6 ዴሲቤል ከፍ ብላ ትወጣለች።

ኢኩዋላይዘሩም ያላዳነዎት ቋሚ ስለሆነ ነው። «ሰ» የምትሰማው ከዜማው ጥቂት ቅጽበት ብቻ ሲሆን እርስዎ የቀነሱት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው። የ«ጠ» ጥራት፣ የትንፋሽ ለዛ፣ የድምፁ ብርሃን ሁሉ አብሮ ሄደ።

ስለዚህ የኮምፕሬሰሩን ጆሮ ከእጁ እንለያለን። በማንኛውም ኮምፕሬሰር ውስጥ ሁለት መንገድ አለ፦ አንዱ ድምፁ የሚያልፍበት፣ ሌላው ኮምፕሬሰሩ «ልጫን ወይስ ልተው» እያለ የሚያዳምጥበት። ሳይድቼይን የሚባለው ሁለተኛው ነው። ኢኩዋላይዘሩ የሚገባው በዚህ በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው፦ በማዳመጫው መንገድ ላይ እንዲቀንስ የምንፈልገውን ድምፅ *ከፍ* እናደርጋለን፣ ሌላውን ሁሉ እንቆርጣለን። ያኔ ኮምፕሬሰሩ አናባቢውን አይሰማም፤ «ሰ» ስትመጣ ግን ትልቅ ሆና ትታየውና ይጫናል። ኢኩዋላይዘሩ በዋናው ድምፅ ላይ ስላልተቀመጠ «ሰ» በሌለችበት ሁሉ ዜማው እንደተቀዳ ያልፋል።

በሪፐር አሠራሩ እንዲህ ነው። የድምፁን ትራክ ያባዙና ቅጂውን «ቁልፍ» ብለው ይሰይሙት። ቅጂው ላይ ያሉትን ፕለጊኖች በሙሉ ያስወግዱ። ወደ ማስተር የሚልከውን ምልክት ያጥፉ፤ ይህ ትራክ ለኮምፕሬሰሩ እንጂ ለአድማጭ አይደለም። ከዚያ ከ«ቁልፍ» ወደ ዋናው ትራክ ሰንድ (የድምፅ መላኪያ መስመር) ይክፈቱ፣ መድረሻውን ቻናል 3/4 ያድርጉት። በዋናው ትራክ ላይ የሪፐርን ኮምፕሬሰር፣ ሪያኮምፕን፣ ያስገቡና ዲቴክተር ኢንፑት በሚለው ቦታ ኦክዚለሪ ኢንፑትን ይምረጡ። ይህን ከረሱ ኮምፕሬሰሩ አሁንም የሚያዳምጠው ዋናውን ድምፅ ነው፤ ያደከሙት ቁልፍ ምንም አይሠራም።

አሁን በ«ቁልፍ» ትራክ ላይ የሪፐርን ኢኩዋላይዘር፣ ሪያኢኪውን፣ ያስገቡ። ከ4.5 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን በሃይፓስ ይቁረጡ፤ አንዱ ካልበቃ ሁለት ይደራርቡ። ከ10 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን በሎውፓስ ይዝጉ። በመካከሉ አንድ ባንድ በ10 ወይም በ12 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉና ጠበብ አድርገው ከ5 እስከ 9 ኪሎኸርዝ ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱት። ወደ ማስተር የሚልከውን ለጊዜው መልሰው ከፍተው ቁልፉን ብቻውን እየሰሙ፣ ሄድፎኑን ዝቅ አድርገው፣ ፉጨቱ እጅግ የሚያስከፋበት ቦታ ላይ ያቁሙና መልሰው ያጥፉት። የወንድ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7፣ የሴት ከ7 እስከ 9 ኪሎኸርዝ ላይ ይገኛል። «ሸ» ዝቅ ብላ ከ3 እስከ 5 ትቀመጣለች። እሷን ለመያዝ ብለው ሃይፓሱን ወደ 3 አያውርዱት፤ የ«ኢ» አናባቢ በዚያ አካባቢ ጉልበት ስላለው «ኢ» በተባለ ቁጥር ድምፁ ይሰጥማል። «ሸ» በእርግጥ ካስቸገረች ሌላ ሁለተኛ ኮምፕሬሰር፣ በራሷ ቁልፍ፣ በጣም በለሰለሰ መጠን ይስጧት።

የኮምፕሬሰሩ መነሻ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ሬሺዮ (የመጫኛው መጠን) 4 ለ1፣ አታክ (ለመጫን የሚወስደው ጊዜ) 0.5 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ (ለመልቀቅ የሚወስደው ጊዜ) 50 ሚሊሰከንድ፣ አርኤምኤስ (አማካኝ የሚይዝበት ጊዜ) 0፣ ሜክአፕ የለም። ፕሪኮምፕ የሚለውን 2 ሚሊሰከንድ ያድርጉት፤ ኮምፕሬሰሩ «ሰ» ከመድረሷ 2 ሚሊሰከንድ ቀድሞ እንዲያያት ያደርገዋል። ይህ ለ«ጸ» ግድ ነው። «ጸ» ፈንጂ ድምፅ ስለሆነች ትፈነዳና ትጠፋለች፤ ዘግይቶ የሚነሳ ኮምፕሬሰር የሚይዘው ጭራዋን ብቻ ነው። ትሬሾልዱን (መጫን የሚጀምርበትን የድምፅ መጠን) ከላይ ጀምረው ወደ ታች ያውርዱ። የቅነሳ ሜትሩ «ሰ» ላይ ብቻ ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል ወርዶ በአናባቢው ላይ ጨርሶ ሲቆም ቦታውን አግኝተዋል ማለት ነው። የ«ቁልፍ»ን ፋደር ከዚህ በኋላ አይንኩት፤ እሱን መንካት ትሬሾልዱን ከመንካት አይለይም።

ለሙከራ ከአማርኛ «ፈሰሰ»ን የመሰለ ቃል የለም። መጀመሪያ ጠብቃ፣ ቀጥሎ ላልታ፣ «ሰ» በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ ትመጣለች። የ«ደሴ» «ሴ»ም ጠብቃ የምትነበብ ስለሆነች ረጅም ናት። የጠበቀችው «ሰ» ረዘም ላለ ጊዜ ስለምትቆይ ቅነሳው ለጆሮ ግልጽ ሆኖ ይሰማል፤ ለላላችው የበቃው መጠን ለጠበቀችው ሊበዛባት ይችላል። ስለዚህ ትሬሾልዱን የሚወስኑት በጠበቀችው ነው። ቀጥሎ «ሰላም»ን ይስሙ። ሪሊዙ 150 ወይም 200 ሚሊሰከንድ ከሆነ ቅነሳው ከ«ሰ» አልፎ የቃሉን አናባቢ ይውጠዋል፤ «ላም» ብቻ የተባለ ያህል ይሆናል።

ለመንዙማ ሁለት ነገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛው ድቤውና ጭብጨባው ነው። ጭብጨባ ቁልፉ በሚያዳምጥበት ከፍታ ላይ ብዙ ጉልበት አለው፤ ከመሪው ጋር በአንድ ክፍል ከተቀዳ ወደ ማይኩ ይገባና በእያንዳንዱ ጭብጨባ የመሪው ድምፅ ዝቅ ይላል። የሚሻለው መሪውን ለብቻ፣ ተቀባዩንና ድቤውን ለብቻ መቅዳት ነው። የደረሱበት ከተቀዳ በኋላ ከሆነ ግን፣ ቁልፍን በትራክ ማባዛት የጠቀመን እዚህ ነው፦ «ቁልፍ» ላይ ያለውን ድምፅ እየቆራረጡ የ«ሰ» ቁራጮችን ብቻ ትተው ሌላውን ማጥፋት ይችላሉ። ለአንድ መንዙማ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከዚህ የጠራ ውጤት ግን በማንኛውም ፕለጊን አይገኝም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበናል። ቅነሳው ከ8 ወይም ከ10 ዴሲቤል ካለፈ የዐረብኛው ሲን ድምፅ ወደ ሣእ፣ ማለትም ምላስ ከጥርስ መካከል ወጥቶ ወደሚነበበው ፊደል ይጠጋል። በአማርኛ መዝሙር ወይም ዘፈን ይህ ኮልታፋ ከመምሰል አያልፍም፤ በዐረብኛ ግን ሲን፣ ሷድና ሣእ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና ቃሉን ሌላ ሊያደርገው ይችላል። መንዙማውን ከማውጣትዎ በፊት ፊደሉን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ያዳምጠው። እሱ «ሲኑ ጠፋ» ካለ ሜትሩ ምንም ይበል ምን ትሬሾልዱን ከፍ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በአዳራሽ ውስጥ የምንሠራው በአናሎግ ሚክሰር ነው። ከኋላው የሳይድቼይን ጃክ ያለው ባለ ሁለት ቻናል ኮምፕሬሰርና ሥራ የፈታ ባለ 31 ባንድ ግራፊክ ኢኩዋላይዘር አለን። ተናጋሪዎች ማይኩን አፋቸው ላይ ስለሚያስጠጉ «ሰ» አዳራሹን ይሰነጥቀዋል። ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር ማድረግ ይቻላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ሌላ ዕቃም አይገዙም። ሁለት የኢንሰርት ገመድ ብቻ ያስፈልግዎታል፦ በአንድ በኩል ስቴሪዮ ጃክ፣ በሌላው በኩል ሁለት ሞኖ ጃክ ያለው። በመጀመሪያው ገመድ ኮምፕሬሰሩን በተናጋሪው ቻናል ኢንሰርት (መሣሪያ በመካከል የሚገባበት መሰኪያ) ላይ ይሰኩት። የሁለተኛውን ስቴሪዮ ጃክ ኮምፕሬሰሩ ኋላ ያለው ሳይድቼይን ውስጥ ያስገቡ፤ ሰንዱን (መላኪያውን) ወደ ኢኩዋላይዘሩ መግቢያ፣ ሪተርኑን (መመለሻውን) ከኢኩዋላይዘሩ መውጫ። የጃኩ ጫፍ ሰንድ ነው ወይስ ሪተርን የሚለው እንደ አምራቹ ይለያያልና ከጃኩ አጠገብ ወይም በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። ተገላብጦ ቢሰካ ምንም አይቃጠልም፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ምንም ስለማይሰማ ሜትሩ አይንቀሳቀስም። ሞኖ ጃክ ብቻ ሲሰካም እንዲሁ ሊሆን ይችላል።

በኢኩዋላይዘሩ ላይ 5፣ 6.3 እና 8 ኪሎኸርዝን ወደ +12 ይግፉ። 4 እና 10 ኪሎኸርዝን ዜሮ ላይ ይተዉ። ከ3.15 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ወደ ታች ያሉትን በሙሉ፣ እንዲሁም 12.5ን፣ 16ን እና 20ን ወደ −12 ያውርዱ። ሎውከት ቁልፍ ካለው ይጫኑት። ግራፊክ ኢኩዋላይዘር እንደ ሃይፓስ ጨርሶ አይቆርጥም፤ ግን በላይና በታች መካከል 24 ዴሲቤል ልዩነት ፈጥረዋል፣ ይህም ለንግግር ይበቃል። ባለ 15 ባንድ ቢሆን ኖሮ 6.3ን ብቻ ከፍ ማድረጉ ይበቃ ነበር።

ከዚያ በኮምፕሬሰሩ ላይ አውቶ የሚለውን ያጥፉ፤ አታክና ሪሊዝን ራሱ እንዲመርጥ ከተዉት ለንግግር ሁሉ የሚስማማ ዝግ ያለ ፍጥነት ይይዛል። አታክን ወደ ፈጣኑ ጫፍ፣ ሪሊዝን ወደ 50 ሚሊሰከንድ፣ ሬሺዮን 4 ለ1 ያድርጉ። ስቴሪዮ ሊንክም ይጥፋ፤ ካልጠፋ የአንዱ ተናጋሪ «ሰ» የሌላኛውን ቻናል ድምፅ ይጎትተዋል። አውትፑት ዜሮ ላይ ይቁም። የእናንተ አዳራሽ ማይክ ስፒከሩን ሰምቶ የሚጮኽ ከሆነ ይህን በተለይ ያስተውሉ፦ ኢኩዋላይዘሩ ላይ የገፋችሁት +12 ስፒከር ውስጥ ስለማይገባ ጩኸት አያመጣም፤ ሜክአፕ ግን ያመጣል።

ማብሪያውን ካበሩ በኋላ ድምፁ ቀጥኖ እንደ ስልክ ከተሰማ ኢኩዋላይዘሩ በዋናው መንገድ ላይ ገብቷል፤ ሁለቱ ገመዶች ተቀያይረዋል ማለት ነው። ማንም ሳይናገር የቅነሳው መብራት ከበራ ደግሞ ወደ ሳይድቼይኑ ገመድ ጫጫታ እየገባ ነው። ከመብራት ገመድ ያርቁት፣ ኢኩዋላይዘሩንና ኮምፕሬሰሩን ከአንድ ሶኬት ያስነሱ።

ተናጋሪውም ማይኩን ከአፉ ቢያንስ አንድ ስንዝር እንዲያርቅና በቀጥታ ከከንፈሩ ፊት ሳይሆን ከአገጩ አቅጣጫ እንዲይዝ ይንገሩት። «ሰ» የምትወጣው በቀጥታ መስመር ነው፤ ማይኩ 20 ወይም 30 ዲግሪ ሲዘነብል ብቻ ብዙ ይለዝባል።

ጥያቄ፦ ርካሽ ኮንደንሰር ማይክ ነው ያለኝ። ሌላ ልግዛ? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ገና ነው። ብዙ ርካሽ ኮንደንሰሮች ከ8 እስከ 12 ኪሎኸርዝ ላይ ከፍ ተደርገው ስለሚሠሩ «ሰ»ን ያጋንናሉ። መጀመሪያ ከ20 ሴንቲሜትር ርቀት፣ በግንባር ከፍታ፣ ወደ አፍንጫ ዝቅ ብሎ እንዲያይ አድርገው ይሞክሩት። እርሳስ በማይኩ መካከል ላይ በጎማ ማሰርም ይረዳል፤ የትንፋሹን ግፊት ለሁለት ይከፍለዋል።

ጥያቄ፦ የእህቴን ዘፈን በኤፍኤል ስቱዲዮ እየሠራሁ ነው። ባቲ ቅኝት ነው፣ ዝግ ያለ። በሳይድቼይን «ሰ»ን አስተካከልኩ፤ አሁን ግን «ዘ» በመጣ ቁጥር ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ዲ-ኤሰር ፕለጊን ብጠቀም ይሻል ነበር? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ዲ-ኤሰር ማለት እርስዎ በእጅዎ ያገናኙት ነገር በአንድ ሳጥን ተዘግቶ ሲሸጥ ነው። ችግሩ የመሣሪያው ሳይሆን የ«ዘ» ነው።

«ሰ» ኢ-ነዛሪ ናት። በምትነገርበት ቅጽበት ከፉጨቱ በስተቀር ሌላ ድምፅ ስለሌለ ኮምፕሬሰሩ ሁሉንም ዝቅ ቢያደርገው የሚጎዳ የለም። «ዘ» ግን ነዛሪ ናት። ከላይ ፉጨት፣ ከታች የዘፋኟ ዜማ በአንድነት ይሄዳል። ኮምፕሬሰሩ ፉጨቱን ሰምቶ ሲጫን ዜማውንም አብሮ ይጫነዋል፤ ባቲን በመሰለ የሚጎተት ዜማ ላይ ደግሞ ጉድጓዱ ወዲያው ይሰማል። መንቀጥቀጡ ከሪሊዙ የመጣ ይመስለናል። በ200 ኸርዝ የምትዘፍን ሴት ድምፅ ንዝረቱ በየ5 ሚሊሰከንዱ ይደጋገማል፤ ሪሊዙ 5 ሚሊሰከንድ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ንዝረት መካከል ይለቅና መልሶ ይጫናል። ወደ 50 ወይም 60 ሚሊሰከንድ ያውጡት፤ መንቀጥቀጡ ይቆማል።

ለጉድጓዱ ደግሞ ትሬሾልዱን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉ። የ«ዘ» ፉጨት ከ«ሰ» ስለሚደክም ብዙ ጊዜ ከትሬሾልዱ በታች ይቀራል። ይህም ካልበቃ ሙሉውን ድምፅ የሚጫነውን መንገድ ትተው በባንድ የተከፈለ ኮምፕሬሰር ይጠቀሙ፦ ከ5.5 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ያለውን ባንድ ብቻ ያስጭኑ፣ ሌሎቹን ባንዶች ሬሺዮ 1 ለ1 ላይ ይተዉ። ያኔ ከታች ያለው ዜማ አይነካም። እኛ ለንግግርና ለፈጣን ዜማ ሙሉውን፣ ለትዝታና ለባቲ ዓይነት ዝግ ያለ ዜማ የተከፈለውን እንመርጣለን።

በኤፍኤል ስቱዲዮ ቁልፉን ሲያገናኙ የ«ቁልፍ»ን ሚክሰር ትራክ መርጠው፣ በዋናው ድምፅ ትራክ ስር ያለውን ቀስት በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሳይድቼይን ቱ ዚስ ትራክ» የሚለውን እንደመረጡ፣ ከ«ቁልፍ» ወደ ማስተር የሚሄደውንም እንዳጠፉ ያረጋግጡ። ያ ካልጠፋ የተቆረጠው ፉጨት ራሱ ከዘፈኑ ጋር ይደመራል፤ ሰዎች «ዲ-ኤስ አድርጌ ባሰብኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ለኤፍኤም ሬዲዮ ማስታወቂያ አነብባለሁ። በስቱዲዮ ደህና የነበረው «ሰ» በሬዲዮ ሲለቀቅ ይሰነጠቃል። ለምን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ኤፍኤም ማሰራጫ ቀጭኑን (ከፍተኛ ኸርዝ) ድምፅ ከመላኩ በፊት ያጎላዋል፣ የአድማጩ ሬዲዮ ደግሞ መልሶ ይቀንሰዋል፤ መካከል ላይ የሚገባውን የ«ሽ» ዓይነት ጫጫታ ለመቀነስ የተደረገ ነው። የማጉሊያው መለኪያ 50 ማይክሮሰከንድ በሆነ ጣቢያ ማጉላቱ ከ3.2 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይነሳል። 7 ኪሎኸርዝ ላይ 7.5፣ 10 ኪሎኸርዝ ላይ 10 ዴሲቤል ተኩል ያህል ይደርሳል። የእርስዎ «ሰ» በስቱዲዮ ከአናባቢው በታች ብትሆንም በማሰራጫው ላይ ልትበልጠው ትችላለች፤ ያኔ የጣቢያው ሊሚተር (ድምፅ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚይዝ መሣሪያ) ይይዛታል፣ የሰሙት መሰንጠቅም ይመጣል።

ከመላክዎ በፊት ማስተሩ መጨረሻ ላይ ለጊዜው ኢኩዋላይዘር አስገብተው ከ3 ኪሎኸርዝ ጀምሮ እየወጣ 7 ላይ +7.5፣ 10 ላይ +10.5 የሚደርስ ቅርጽ ይስጡትና ፒክ ሜትሩን ይመልከቱ። «ሰ» ከአናባቢው በላይ ከዘለለች በቀደሙት መልሶች ባሳየነው መንገድ ሌላ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ያስቀንሷት። ሙከራው ሲያልቅ ያንን ኢኩዋላይዘር ማውጣትዎን አይርሱ። ፋይሉንም በዌቭ ይላኩ፤ በቴሌግራም ከሆነ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል።